ከአድናቆት ይልቅ ቀብድ፦ በቅዳሜና እሁድ ስለሚመሠረቱ ድርጅቶች

ወጣቶች ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ማታ ተሰባስበው አዲስ ድርጅት በሚያቋቁሙባቸው ዝግጅቶች ላይ በአማካሪነት መሳተፍ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። በእሁድ ማታው መድረክ ላይ «መተግበሪያችን ተጠናቋል»፣ «አርማችን ይህ ነው»፣ «ከ100 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝባችን አንድ በመቶው ብቻ ቢገዛን» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ከቡድን ቡድን ሳይለወጡ ይመላለሳሉ። እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የምሰማው «ይህን ያህል ደንበኛ ቀብድ ከፍሎናል» የሚለውን ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከቀረበው ሁሉ ክብደት ያለው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በሁለት ቀን ውስጥ ምርት ሠርቶ መጨረስ የሚቻለው በጥቂት የሥራ ዘርፎች ብቻ ሲሆን፣ ከፋዩ ማን እንደሆነና ከእያንዳንዱ ሽያጭ በኋላ በእጅ የሚተርፍ ነገር መኖር አለመኖሩን መመርመር ግን በየትኛውም ዘርፍ ይቻላል።

የዝግጅቱ ቅርጽ ከውጭ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድሩ ሃይድ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ቦልደር ከተማ ውስጥ ስታርትአፕ ዊኬንድ በሚል ስም ሲጀምረው፣ የተሰበሰቡት ሰዎች በሙሉ በአንድነት አንድ ድርጅት ለማቋቋም ነበር የሞከሩት። ኋላ ላይ ግን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ፤ ዓርብ ማታ ሐሳብ ያለው ሰው ሁሉ በ60 ሰከንድ ያቀርባል፣ ተሳታፊዎች ድምፅ ይሰጣሉ፣ ብዙ ድምፅ ባገኙት ሐሳቦች ዙሪያ ቡድኖች ይመሠረታሉ፣ ከዚያም በጠቅላላው 54 ሰዓት ውስጥ የተሠራው ሁሉ እሁድ ማታ በዳኞች ፊት ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዝግጅቱን ቴክስታርስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ጠቅልሎ ወስዶታል። ዳኞች የሚመዝኑት በዋናነት ሦስት ነገሮችን ነው፦ የቢዝነስ ሞዴሉን (ድርጅቱ ገንዘብ የሚያገኝበትን መንገድ)፣ ከደንበኞች የተገኘውን ማረጋገጫ፣ እንዲሁም የምርቱን ንድፍና አሠራር። ከሦስቱ ምርቱን የሚመለከተው አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ቡድኖቹ ግን ቅዳሜን በሙሉ የሚያሳልፉት በዚህ በአንዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የጀማሪ ድርጅቶች ማዕከል የሆነው አይስአዲስ ከተቋቋመ ወዲህ በዚህም ሆነ በሌላ ስም የሚካሄዱ መሰል ውድድሮች እየተለመዱ መጥተዋል። ቅርጹ እንዳለ ተወስዷል፤ በዚያ 54 ሰዓት ውስጥ ምን መሥራት እንደሚሻል ግን ከራሳችን ሁኔታ ተነስተን በቅጡ የተነጋገርንበት አይመስለኝም።

ሁኔታችን የሚለየው ከሁሉ በፊት በገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሲንጋፖር ስታርትአፕ ዊኬንድ ላይ ሦስት ወጣቶች የጀመሩት ካሩሰል፣ ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን በስልክ ፎቶ እያነሱ የሚሸጡበት መተግበሪያ ሲሆን፣ ለበርካታ ዓመታት ተጠቃሚዎቹን ሳያስከፍል ነው ያደገው፤ ይህንንም ማድረግ የቻለው ወጪውን የሚሸፍኑ ባለሀብቶች ከኋላው ስለነበሩ ነው። በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄደ ተመሳሳይ ዝግጅት ላይ የተጠነሰሰው ኢዚ ታክሲም እንዲሁ ነው። መሥራቹ ወደ ዝግጅቱ የሄደው የከተማ አውቶቡሶችን በስልክ የመከታተል ሐሳብ ይዞ ነበር፤ በዚያው ሐሳቡን ወደ ታክሲ መጥሪያ ቀየረ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ድርጅቱን አቋቋመ፣ ከዚያም ድርጅቱ በባለሀብቶች ገንዘብ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። አዲስ አበባ ላይ ሰኞ ጠዋት ሥራውን ለመቀጠል የሚነሳ ቡድን በእጁ ያለው የቤተሰብ ድጋፍ፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ የማይታወቅ ዕቁብ፣ እንዲሁም ቤት ወይም መኪና በመያዣነት የሚጠይቅ የባንክ ብድር ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ተጠቃሚውን እናብዛ፣ ገቢው ኋላ ይመጣል» የሚለው መንገድ ለአብዛኞቹ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ሥራው ከመጀመሪያዎቹ ሽያጮች ጀምሮ ራሱን የሚችልበት ስሌት ከሌለው፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር የቤት ኪራይ ላይ ይቆማል።

ዘላቂነት በእነዚህ ዝግጅቶች ማስታወቂያ ላይ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ተያይዞ ነው፤ ነገሩም ተገቢ ነው። ችግር የሚፈጠረው ለአካባቢ መጥቀሙ እንደ ገቢ ሲቆጠር ነው። የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ሐሳብ የሚወዳደር ቡድን በየዝግጅቱ አይጠፋም። «እስከ ዛሬ ፌስታሉን ለደንበኛው በነፃ ይሰጥ የነበረው ባለሱቅ የከረጢቱን ዋጋ ከየት ያመጣዋል? ገዢው ከመለሰለት ከረጢት ላይስ እናንተ ምን ታገኛላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምድራችን ይሆናል።

አንድ ቡድን ግን ከዚህ የተለየ ነገር ሠርቶ ስላየሁ እርሱን በዝርዝር ላንሳ። ዓርብ ማታ ሐሳቡን ያቀረበው የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነበር። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ የምግብና የአትክልት ተረፈ ምርት መሆኑን፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸውን፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫም ቆሻሻን የሚያቃጥል ስለሆነ እንዲህ ያለው እርጥብ ተረፈ ምርት የማይስማማው መሆኑን በተሰጠው 60 ሰከንድ ውስጥ አስረዳ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚባለውን ዝንብ ማርባት ነበር። ይህ ዝንብ ካደገ በኋላ አይናከስም፣ እንደ ቤት ዝንብ ምግብ ላይ እያረፈ በሽታ አያዛምትም፤ እጩ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል) ግን የፍራፍሬና የምግብ ተረፈ ምርትን በሁለት ሳምንት ገደማ በልቶ ይደልባል። የደረቀው እጭ 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ ለዶሮ መኖ ይውላል። ለዶሮ እርባታ ከሚወጣው ገንዘብ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የመኖ ወጪ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ያጓጓል። ከጁስ ቤቶች ልጣጩን በነፃ እንሰበስባለን፣ እንዲያውም ስላጸዳንላቸው ይከፍሉናል፣ እጩን አድርቀን ለመኖ ማቀነባበሪያዎች እንሸጣለን፣ ቅሪቱን ደግሞ ለማዳበሪያነት እናቀርባለን የሚል ነበር ዕቅዱ፤ በሦስት አቅጣጫ ገቢ ማለት ነው።

በቡድኑ ውስጥ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ሌሎቹ የቢዝነስ ሞዴል ካንቫሱን (የድርጅቱን አሠራር በአንድ ገጽ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ) ዘጠኝ ሳጥኖች በባለቀለም ወረቀት መሙላት ሲጀምሩ፣ እርሷ «የገቢውን ሳጥን ወጥተን ሳንጠይቅ አንሙላው» ብላ ሁለት ልጆች አስከትላ ወደ ጁስ ቤቶች ሄደች። ከጎበኟቸው ቤቶች የአንደኛው ባለቤት የሰጧቸው መልስ ከዕቅዱ አንዱን እግር ሰበረው። ልጆቹ «እትዬ፣ ልጣጩን በየቀኑ እያነሳን ብናጸዳልዎ በወር ስንት ይከፍሉናል?» ሲሏቸው፣ «ልጆቼ፣ የቆሻሻውንማ ከውሃ ሂሳብ ጋር እየከፈልኩ ነው፤ እናንተ ስለወሰዳችሁት የሚቀንስልኝ አለ? ውሰዱት፣ ደስ ይለኛል፤ ግን አንድ ቀን ከቀራችሁ ደንበኛዬን የሚያባርርብኝ ዝንቡ ነው» አሏቸው። በአዲስ አበባ የቆሻሻ ማስወገጃ ክፍያ ከውሃ ፍጆታ ጋር ተያይዞ የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ ለጁስ ቤቱ ልጣጩን አሳልፎ መስጠት አንድም ብር አያድንለትም። በሌላ ቦታ ደግሞ የማንጎና የፓፓያው ልጣጭ ላም ለሚያረቡ ሰዎች አስቀድሞ ቃል የተገባ ሆኖ ተገኘ፤ ማንም የማይፈልገው የአቮካዶው የውስጥ ፍሬ ብቻ ነበር። በነፃ ይገኛል የተባለው ጥሬ ዕቃ ባለቤት ያለው ሆኖ ተገኘ፤ የጽዳት ክፍያውም የለም። ካንቫሱ ላይ ተጽፎ የነበረው የመጀመሪያው የገቢ ምንጭ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተሰረዘ።

ከዚህ በኋላ የተሠራው ስሌት፣ በእነዚህ ዝግጅቶች ላይ ካየኋቸው ስሌቶች ሁሉ ጥሩው ስለሆነ ቀስ ብዬ ልተርከው። እርጥብ ተረፈ ምርት አብዛኛው ውሃ ነው። 1,000 ኪሎ ልጣጭ በደህና አያያዝ እንኳን ከ200 ኪሎ ብዙ የማይበልጥ ሕያው እጭ ይሰጣል፤ እርሱም ሲደርቅ ወደ 60 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ደረቅ እጭ ለማግኘት 17 ኪሎ ያህል ልጣጭ መሰብሰብ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሂሳብ ባለሙያዋ ይህን ቁጥር በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችና «ልጣጩን ለማጓጓዝ በኪሎ አንድ ብር ባወጣን ቁጥር የደረቀው እጭ በኪሎ 17 ብር ይጨምራል» አለች። የአይሱዙው ኪራይ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ በየጁስ ቤቱ በር ቆሞ የሚባክነው ጊዜ፣ ሁሉም በ17 ተባዝቶ ምርቱ ላይ ይቆለላል። በሌላ በኩል ዋጋውን እንደፈለጉ መስቀል አይቻልም፤ ዶሮ አርቢው የሚገዛው ፕሮቲን ነው፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎም ከደረቀው እጭ ጋር የሚቀራረብ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ፕሮቲን ስላለው፣ ከእርሱ በላይ የተወደደ እጭ የሚገዛ የለም። የመሸጫው ጣሪያ በአኩሪ አተር ገበያ ተወስኗል፤ የወጪው ወለል ደግሞ በ17 ይባዛል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው የድርጅቱ ዕድሜ።

በዚያ ላይ የአዲስ አበባ ብርድ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በሚገኝ ከተማ ውስጥ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት፣ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚመቸውን ነፍሳት ማርባት ማሞቂያ ይጠይቃል። ተማሪው ይህን ያውቅ ነበር፤ ዝንቡን በትምህርቱ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ነገር ግን ማሞቂያውን በወጪ ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ማንም አልነበረም። ማድረቂያውም እንዲሁ መብራት ይበላል። ቅሪቱን ለማዳበሪያነት ከመሸጥ ይገኛል የተባለውን ገቢ በተመለከተ፣ ባለሙያዋ አንድ ሰው ገንዘብ አውጥቶ እስኪገዛው ድረስ በዜሮ እንዲያዝ አደረገች። እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የበጀት ዝግጅት ላይም ባየው ደስ ባለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቡድኑ ሁለቱ ከቃሊቲ ተሳፍረው ቢሾፍቱ ሄዱ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ በከፍታም ዝቅ ያለች፣ በሌሊትም የምትሞቅ ከተማ ናት፤ የዶሮ እርባታ የተስፋፋባት፣ በሐይቆቿ ዳርቻም በየሳምንቱ መጨረሻ በእንግዳ የሚሞሉ ሆቴሎች ያሉባት ናት። ልጆቹ የሄዱት ዶሮ አርቢዎችን ለመጠየቅ ነበር፤ ከአንድ አርቢ ያገኙት መልስ ግን የሥራውን ቦታም ሆነ ዓይነት የሚቀይር ሆነ። «ደርቆ ተፈጭቶ የሚመጣውን ከሌላው መኖ በምን እለየዋለሁ? ጥሬውን አምጡልኝ፤ ዶሮ የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ነው የምትሻማው። ግን ዛሬ መጥታችሁ ነገ የምትጠፉ ከሆነ አልነካውም» አሏቸው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ቡድን ደስ ብሎት ይመለሳል፤ «ደንበኛው ሕያው እጭ ይፈልጋል» ብሎ በስላይዱ ላይ ይጽፋል፣ ማረጋገጫ አገኘሁም ይላል። በአገራችን ግን ሰው ለሚጥር ወጣት ክፉ ቃል አይናገርም። «በርቱ»፣ «ጎበዞች ናችሁ»፣ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» የሚለው ምርቃት ከልብ የሚወጣ ቢሆንም የግዢ ውል አይደለም፤ «ብታመጡት እገዛለሁ» የሚለው እንኳን ብዙ ጊዜ የጨዋነት መልስ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ከመሄዳቸው በፊት የመከርኳቸው ዋጋውን፣ የሚረከቡበትን ቀንና ሥራው ካልተሳካ ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲይዙ፣ በመጨረሻም ጥቂት ቀብድ እንዲጠይቁ ነበር። የቀብዱ መጠን ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ ሰውዬው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት የሚያነሳቸው ጥያቄዎች በመጠይቅ ከሚገኘው መልስ ሁሉ ይበልጣሉና። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ቀላል ሆኗል፤ ባንክ በተዘጋበት በቅዳሜ ማታም ሆነ በእሁድ ገንዘቡን መቀበልም መመለስም ይቻላል። ገና ያልተመዘገበ ድርጅት ደረሰኝ መስጠት ስለማይችል፣ ቀብዱ እስከዚያው በአንድ አባል ስም የተያዘ አደራ መሆኑ በወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሥራው ከቀጠለ በኋላ መመዝገቡ እንደ ቀድሞው አስቸጋሪ አይደለም፤ በአዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት አንድ ሰው ብቻውን እንኳን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል።

ከቢሾፍቱ የተመለሱት የተወሰኑ አርቢዎችን ቀብድ ይዘው ነበር። አንዳንዶቹ ደግሞ መርቀው፣ ቡና ጋብዘው፣ ያለ ቀብድ ነው የሸኟቸው። ከከፈሉትም ካልከፈሉትም የተሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር፦ በየቀኑ ትመጣላችሁ ወይ? የሂሳብ ባለሙያዋ ቁጥሩን እንደገና ሠራችው። አንድ ኪሎ ሕያው እጭ ለማግኘት አምስት ኪሎ ልጣጭ ይበቃል፣ ከ17 ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ልዩነት ይመስላል። «ጋሼ፣ ይህ ግን ማታለያ ነው» አለችኝ፤ «ሕያው እጭም ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ በዚያው ልክ ረክሶ ነው የሚሸጠው። በእውነት የቀነሰልን የማድረቂያው ወጪ ብቻ ነው፤ በምትኩ በየቀኑ የማድረስ ወጪ መጣብን።» ልክ ነበረች። በዚህ ስሌትም ቢሆን ሥራው ኪሳራ ላይ ነበር።

መውጫውን ያገኘው ተማሪው ሲሆን፣ ያገኘውም ከዶሮው ንግድ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ኢትዮ ቺክን የአንድ ቀን ጫጩት ፈልፍሎ ለወኪሎች ይሸጣል፤ ወኪሎቹ ጫጩቶቹን እያስከተቡ ለተወሰኑ ሳምንታት ያሳድጉና ለገበሬው ያደርሳሉ። ድርጅቱ የሚይዘው እውቀትና ጥንቃቄ የሚጠይቀውን ክፍል ነው፤ ቦታ፣ ጉልበትና መኖ የሚፈጀው ክፍል ደግሞ በወኪሎቹና በገበሬዎቹ ግቢ ይከናወናል። ተማሪው ቅዳሜ ሌሊት «እኛም እጩን ማሳደግ ለምን ያስፈልገናል?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት ሴት ዝንብ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሳ በአንድ እፍኝ የሚያዘው ብዛት ለብዙ አርቢዎች ይበቃል። አስቸጋሪው ነገር ዝንቦቹ እንዲራቡ በቂ ሙቀትና ብርሃን ያለው ክፍል ማዘጋጀት ነው። ቡድኑ ይህን አንድ ክፍል ቢሾፍቱ ላይ ከያዘ፣ የተፈለፈሉትን እጮች ጥቂት ቀን አሳድጎ ለአርቢው ይሸጣል፤ አርቢው በራሱ ግቢ፣ ከአቅራቢያው ሆቴል በሚያመጣው የምግብ ትርፍራፊ አደልቦ ለዶሮዎቹ ይሰጣል። እጮቹ በዶሮዎቹ ስለሚበሉ በየሳምንቱ አዲስ መግዛት አለበት። ልጣጭ መሰብሰብ፣ አይሱዙ መከራየት፣ ማድረቅ፣ በየቀኑ ማመላለስ ሁሉም ከቡድኑ ወጪ ወጡ፤ በ17 የሚባዛውም ነገር አብሮ ወጣ። የገቢው መጠን አነሰ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚተርፈው ግን ከዜሮ በላይ ሆነ።

እሁድ ጠዋት የቀሩት ሰዓታት ያለፉት ቀብድ የሰጡትን አርቢዎች እየደወሉ በአዲሱ አሠራር ይስማሙ እንደሆነ በመጠየቅ ነበር። አንዱ አልተስማሙም፤ ቀብዳቸው በቴሌብር በዚያው ሰዓት ተመለሰላቸው። ሌሎቹ ግን ትንሽ ማሠልጠን ከታከለበት እንደሚሞክሩት ተናገሩ።

በመድረኩ ላይ ከዳኞቹ አንዷ ያነሳችው ጥያቄ ከሁሉ የጠለቀ ነበር፦ «በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ምን ታደርጋላችሁ?» በጾም ወራት የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፣ አርቢው ግን ዶሮዎቹን መቀለቡን ማቋረጥ አይችልም፤ ስለዚህ በዱቤ መግዛት ይጀምራል ወይም ዋጋው ወደሚረክስበት መኖ ይዞራል። ለፋሲካ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። የቡድኑ ስሌት በወር አማካይ የተሠራ ስለነበር ይህ ጉድጓድ አይታይበትም ነበር፤ በዓመት ሲታይ የሚያተርፍ ሥራ ሚያዝያ ሳይደርስ በመጋቢት ሊሞት እንደሚችል ያኔ ነው የተነጋገርነው። በነገራችን ላይ ጁስ ቤቶች በጾም ጊዜ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ በረመዳን ማታ ማታም እንዲሁ። የመጀመሪያው ዕቅድ ቢቀጥል ኖሮ ጥሬ ዕቃው በሚበዛበት ወቅት ገዢው የሚጠፋበት ንግድ ይሆን ነበር። ቡድኑ በውድድሩ ሦስተኛ ወጣ።

ከዚህ ቡድን በኋላ ለአዘጋጆች የምለምነው አንድ የጊዜ ሰሌዳ ጉዳይ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ጊዜ በሥልጠና ይያዛል፤ ካንቫስ አሞላል፣ የአቀራረብ ዘዴ፣ የአርማ አሠራር ይተረካል። በከተማችን ግን ነጋዴ በሱቁ የሚገኘው ቅዳሜ ነው፤ እሁድ መርካቶ አብዛኛው ዝግ ነው፣ ቢሮዎችም እንዲሁ። ወጣቶቹን በዚህ ውድ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ ስለ ደንበኛ ማስተማር ደንበኛውን ከማግኘት ያስቀራቸዋል። ሥልጠናው ወደ ዓርብ ማታ ቢሳብ ወይም ለቅዳሜ ማታ ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።

ከቡድኑ አባላት ፕሮግራመሩ ወደ መደበኛ ሥራው ተመልሷል፤ ምክንያቱም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር አንድ የሂሳብ ሰንጠረዥና አንድ የቴሌግራም ቡድን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ተማሪውና የሂሳብ ባለሙያዋ ግን ቢሾፍቱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ቀጥለዋል፤ ክፍያውንም የጾሙን ወራት ታሳቢ አድርገው፣ አርቢዎች በበዓላት ሰሞን የተወሰነውን አስቀድመው እንዲከፍሉና በጾም ቅናሽ እንዲያገኙ አድርገው አስተካክለውታል። አሁን የሚከራከሩበት ጉዳይ አንድ ነው። አንድ የውጭ ድርጅት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማድረቂያ መግዣ እርዳታ ሊሰጣቸው ፈልጓል፤ ተማሪው መቀበሉን ይደግፋል፣ ምክንያቱም መኖ ማቀነባበሪያዎች የሚገዙት ደረቁን ነው፣ ብዛትም ያላቸው እነርሱ ናቸው። ባለሙያዋ ደግሞ ማድረቂያው በነፃ ቢመጣም፣ እርሱን ለመሙላት የሚያስፈልገው ልጣጭ በነፃ እንደማይመጣ፣ ማድረቂያውም ሲበላሽ የሚጠግነው የእርዳታ ሰጪው በጀት እንዳልሆነ ትናገራለች። እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ። ከመኖ ማቀነባበሪያዎቹ አንዱ እንኳን በጽሑፍ ዋጋ አቅርቦ ቀብድ ቢከፍል ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ተማሪው ባለፈው ሳምንት ሊጠይቃቸው ሄዷል።